ጀልባው ላይ የቀረሁ ዕለት

በሳንጃ ሙቀት የኖረ ሰው ባሕር ዳር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር በረጅሙ መተንፈስ ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ከተጋባን ሃያኛ ዓመታችን።

ባለቤቴ መጋቢ ነው። የመጋቢ ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቂ ታውቂዋለሽ፤ እንግዳ ሲወጣ እንግዳ ይገባል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመጋባት ለሚዘጋጁ ወጣቶች ስለ መነጋገር አስተምር ነበር፤ ማታ ግን ከገዛ ባሌ ጋር የምንለዋወጠው “እራት ደርሷል?” እና “መብራቱን አጥፊው” ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ቀን ጨክኜ “ደክሞኛል” አልሁት። “እንጸልይበት” ብሎኝ ወደ ስብሰባው ሄደ። እኅቴ፣ ጸሎትን ንቄ አይደለም፤ ያን ቀን ግን በር የተዘጋብኝ ያህል ተሰማኝ። ሽማግሌዎቹ አይተውን ይሁን ሳያዩን አላውቅም፣ በፖስታ ገንዘብ አድርገው “ለአምስት ቀን ጥፉልን” አሉን።

ከሳንጃ በትክል ድንጋይ አድርገን ጎንደር አደርን። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረታ ላይ የፎገራን የሩዝ ማሳ እያየሁ ሳለሁ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ፤ ከቤተ ክርስቲያን ነበር። ማርቆስ ምዕራፍ 6 ትዝ አለኝ። ደቀ መዛሙርቱ ደክመው በታንኳ ወደ ገለል ያለ ቦታ ቢሄዱ ሕዝቡ በእግሩ ቀድሟቸው ደረሰ። ይህን ክፍል በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን ወረታ ላይ ነው።

መቼም ወደባችን የሐይቅ ወደብ ነው፤ ቢሆንም አያሳፍርም። ወንጌል ባሕር የሚለው የገሊላ ውኃ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጣና 3,000 ገደማ ይሆናል። በማለዳ ወደቡ ላይ ስንደርስ የሞተር ጀልባዎቹ ተደርድረዋል። ከእነርሱ ወዲያ ከደንገል በተሠሩ ታንኳዎች ላይ አሣ አጥማጆች ይቀዝፋሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ፣ ብትሄዱ በጠዋት ተሳፈሩ። ከአራት መንገደኞች ጋር አንድ ጀልባ ተከራየን፤ አራቱም ወንዶች ነበሩ።

መጀመሪያ የቆምነው ክብራን ገብርኤል ነው። ወደዚህ ገዳም ሴት አትገባም። ባለቤቴ የብራና መጽሐፍ ነገር ካነሣችሁለት ምግብም አያስታውስ፤ ክብራን ደግሞ በጥንታዊ ብራናዎቹ የታወቀ ነው። አየኝ። “ሂድ እንጂ” አልሁት። ደግሞ ሄደ! ሴቶች ታውቁታላችሁ፣ “ሂድ” ያልሁት እንዲሄድ አልነበረም። የገዳሙ ሥርዓት አላስከፋኝም፤ ቤታቸው ነው። ያስከፋኝ ዘወር ብሎ አለማየቱ ነው። ጀልባ ነጂው ልጅ “አይክፋዎት እትዬ” አለኝና የእምቦጭ አረምን ነገር ያወራኝ ጀመር። አረሙ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የአሣ አጥማጁን መረብ እንዴት እንደሚያውክ ነገረኝ። እኔ ግን ለባሌ የምናገረውን ክፉ ቃል ከልቤ እየደረደርሁ ነበር።

ባለቤቴ ሲመለስ እየሮጠ ነበር። ሳይቀመጥ ጀመረልኝ፤ ስለ ክቡ ሕንፃ፣ ስለ ዓምዶቹ፣ ሥዕል ስላለበት የወንጌል ብራና፣ ገጹን ስለገለጡለት አዛውንት መነኩሴ የእጅ መንቀጥቀጥ። “አንቺ ስለማታዪው ሁሉንም ልያዝልሽ ብዬ ነው የቆየሁት” አለኝ። ዘጌ እስክንደርስ አላቋረጠም። የደረደርሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። ይህ ሰው ለስንት ዓመት ከቤት ወጥቶ ሲመለስ ያየውን አንድም ነገር ነግሮኝ አያውቅም ነበርና።

በማግስቱ በባጃጅ ወደ ቤዛዊት ተራራ ወጣን። ለስሜን ሰው ተራራ ሳይሆን ጉብታ ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ነው። ወደ ግቢው አልቀረብንም፤ ወደዚያም ፎቶ አላነሣንም። ዓባይ ከሣር ማዶ እየተጠማዘዘ ሲሄድ፣ ከተማው በዛፍ ተሸፍኖ፣ ጣናም ከሰማይ ጋር ገጥሞ ይታያል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን “ለምንድን ነው ውሎህን የማትነግረኝ?” አልሁት።

ዝም አለ። ቆይቶ “የሰው ጉዳት ሰምቼ ነው የምመጣው። ቤት ውስጥ አንቺ ላይ እንዳልጭነው ብዬ ነው” አለ።

“እኔ ደግሞ የማልረባህ መስሎኝ ነበር” አልሁት። ከዚያ ወዲያ ማልቀሴን አልደብቃችሁም፤ እርሱም ዓይኑን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገ። የሰው ምሥጢር ሳያወጣ፣ የራሱን ልብ ግን ሊነግረኝ እንደሚችል የተስማማነው እዚያ ነው። ቀን ቆረጥን፤ ማክሰኞ ማታ።

ሁለት ኪሎ የዘጌ ቡና ይዘን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ኮሮናው መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. ሌላ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በፎቶ እንጂ አላየነውም። ማክሰኞውም ሁልጊዜ አልተጠበቀም። ለቅሶ አለ፣ ሕመም አለ፣ ተኳርፈን ያለፍንበትም አለ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ስልኩን ጓዳ አስቀምጦ መጣ፤ እኔም ቡናውን አቀረብሁ። ሁለተኛው እስኪፈላ ሳይናገር ቆየና “ዛሬ እኮ ፈርቼ ነው የዋልሁት” ብሎ ጀመረልኝ።