ፀሐይ አልተገኘችም

እኛ ፕሮግራመሮች ነን። ማለትም የዘመድ ፕሪንተር በተበላሸ ቁጥር የሚደወልልን፣ ካልሠራልንም «ኮምፒውተር ተማርኩ ብለህ ይህቺ ታቅትህ?» የምንባል ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ በወር አንድ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። ሃያ ሆነን ከተገኘን ብዙ ነን ማለት ነው። አንዱ ያቀርባል፣ ሌላው ይጠይቃል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁላችንም ቡና እንጠጣለን። በዚህ ወር ተራው የእኛ የሦስታችን ሆነ። አርባ ደቂቃ ተሰጥቶናል። ርዕስ ግን የለንም።

እናላችሁ አንድ ማክሰኞ ማታ ካፌ ተቀምጠን ወረቀት ላይ ርዕስ መደርደር ጀመርን። አንደኛ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ሁለተኛ፣ ብሎክቼይን። ሦስተኛ፣ አሁንም ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ግን ረዘም ባለ ስም። እውነት እንናገር ከተባለ ከሦስታችን አንዳችንም ነገሩን አብጠርጥረን አናውቀውም። ሁለት ቪዲዮ አይተን፣ አሥራ አምስት ስላይድ ሰብስበን፣ «ዓለም ወዴት እየሄደች ነው?» ብለን ጀምረን «እኛስ?» ብለን ልንጨርስ ነበር። እንዲህ ያለ ገለጻ እናንተም ሳትሰሙ አትቀሩም። ጭብጨባው ደማቅ ነው። ሰኞ ጠዋት ግን እጅ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ያኔ ነው ከመሃላችን አንዱ «ለምን የክሊኒኩን አንናገርም?» ያለው።

ዝም አልን። ስለ ክሊኒኩ ማውራት አንወድም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትንሽ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም ሠርተን ነበር። ታካሚ ይመጣል፣ ስም ይጻፋል፣ ካርድ ይወጣል። እኛ ላፕቶፕ ላይ እንከን አልነበረበትም። ከወራት በኋላ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ደወለችልን። አንዲት እናት፣ ፀሐይ እንበላቸው፣ ሦስት ካርድ ወጥቶላቸዋል። መጀመሪያ «ፀሐይ» ተብለው ተመዘገቡ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ ተረኛው «ጸሐይ» ብሎ ፈለጋቸው፤ ፕሮግራማችን ኮራ ብሎ «አልተገኘም» አለው። በሦስተኛው ደግሞ «ጸሀይ» ተብለው ተፈለጉ፤ አሁንም «አልተገኘም»። እሳቸው ግን መስኮቱ ፊት ቆመዋል!

ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍን ነበር። «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» የሚለው ማስታወሻ ያለው ግን የመጀመሪያው ካርድ ላይ ነው። ሐኪሙ እጅ የገባው ሦስተኛው ነው። መርፌው የቀረው የእኛ ፕሮግራም ስላስጠነቀቀ አይደለም። እናትየዋ ራሳቸው «ኧረ እኔ ይሄ መድኃኒት አይስማማኝም» ስላሉ ነው። ባይናገሩስ? ራሳቸውን ስተው ቢመጡስ?

ነገሩን ስታዩት ቀላል ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ችግሩ ማሽኑ ድምፅ አይሰማም፤ የሚያነጻጽረው ቁጥር ነው። እስቲ ቁጠሩት። ፀሐይ የሚለው ስም መነሻው ላይ ሁለት አማራጭ አለው። መሃሉ ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ በድምሩ ስድስት። ሁለት ጊዜ ስድስት 12። ኃይለ ሥላሴማ 24 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል፤ አንድ ላይ የሚገጥመውና ለያይቶ የሚጽፈው ሲታሰብ 48 ይሆናል። እንግዲህ ስንት ኃይለ ሥላሴ በየመዝገቡ ጠፍቶ ይሆን?

«ታዲያ ሁሉንም በአንድ ፊደል ጻፉዋ!» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ነው፤ ሰረቀ ደግሞ ያው የምናውቀው ስርቆት ነው። ፊደሉን ዝም ብለን ብንቀይረው የወጣችውን ፀሐይ ሌባ ልናደርጋት ነው። ከዚያም በላይ ስም የባለቤቱ ነው። አባት በሠ ያወጣውን ስም ፕሮግራመር በሰ ሊያርመው ምን ሥልጣን አለው?

መፍትሔው ሁለት አምድ ነው። በአንደኛው ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል፤ ካርድ ላይ የሚታተመው እሱ ነው። በሁለተኛው፣ ማንም በማያየው፣ ሞክሼ ሆሄያቱ ወደ አንድ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሁሉም ከነቤተሰባቸው። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳሉ፤ በቃላት መሃል ያለው ባዶ ቦታም ይወጣል። ሰው ሲፈልግ የጻፈው ቃል በዚያው ወንፊት ያልፍና ከሁለተኛው አምድ ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ የሚመሳሰሉት ስሞች ከአባትና ከአያት ስም፣ ከዕድሜ ጋር ተዘርዝረው ይወጣሉ፤ መርጦ የሚወስነው ሰው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስነው።

የሚያሳፍረን ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም እናውቅ ነበር። ኪቦርድ ፊት ስንቀመጥ ግን ረሳነው። የተማርንባቸው መጻሕፍት ላይ የምሳሌው ሰው ሁልጊዜ ጆን ነው። ጆን ደግሞ ሞክሼ የለበትም።

ክርክሩ ካፌው ወንበር መሰብሰብ እስኪጀምር ቆየ። ከእኛ አንዱ ሥራ ፈላጊ ነው። ስብሰባው ላይ ቀጣሪ ብቅ እንደሚልም እናውቃለን። «ቀጣሪ ፊት ቆሜ ‹ያበላሸሁት ይሄ ነው› ልበል?» አለን። መልስ አልነበረንም። እውነቱን ነዋ!

ከዚያ አንድ ነገር አደረግን። በየወሩ ከሚመጡት ሃያ ሰዎች ውስጥ ስንቶቹ ስም የሚመዘግብ ፕሮግራም እየሠሩ እንደሆነ በጣታችን ቆጠርን። የትምህርት ቤት ተማሪ የሚመዘግብ አለ። የቁጠባ ማኅበር አለ። መድኃኒት ቤት አለ። ጣታችን አለቀ። ብሎክቼይን የሚሠራ ስንፈልግ ግን አንድም አጣን። ሥራ ፈላጊው ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ሦስቱንም ርዕስ ሰረዘና «የክሊኒኩን ክፍል እኔ አቀርባለሁ» አለ።

የመጀመሪያውን ስላይድ እዚያው ሠራነው። ምንም ማብራሪያ የለውም፤ ፀሐይ የሚለው ስም በአሥራ ሁለት አጻጻፍ ተደርድሯል። ጨርሰን ስንቆጥረው አሥራ አንድ ሆነ። አንዷን ፀሐይ እኛም ዘለናታል።