የመታወቂያችን ዘጠነኛ አሃዝ

በኢትዮጵያ «የማን ልጅ ናችሁ?» እንባል ነበር፤ እዚህ በባንኩም በቁፓት ሖሊሙም የምንጠየቀው ሚስፓር ዜሁት ነው። ይህ የመታወቂያ ቁጥር ዘጠኝ አሃዝ ሲኖረው፣ የመጨረሻው አሃዝ የፊተኞቹ ስምንት ጠባቂ ነው። ከግራ ጀምረን አሃዞቹን በ1 እና በ2 እያፈራረቅን እናባዛለን። ብዜቱ ከ9 ከበለጠ የራሱን ሁለት አሃዞች እንደምራለን፤ 12 ቢመጣ 3 ይሆናል። የሁሉም ድምር ያለ ቀሪ ለ10 መካፈል አለበት። ለምሳሌ የ123456782 ድምር 40 ነው፤ ትክክል ነው። መጨረሻው 3 ቢሆን 41 ይመጣልና ስህተቱ ይታወቃል።

ስለዚህ ጸሐፊዋ «እንዲህ ያለ ቁጥር የለም» ብትለን ተስፋ ቆርጠን አንመለስ። ምናልባት አንድ አሃዝ ተሳስቶ ይሆናል። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችን ልጆቻችን ቁጥሩን አስልተው ያረጋግጡላቸው።