«ታይቶ አልጸደቀም»፤ ግን ለምን?

 

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው ሸሽቶ የገባው በእኛ በኩል፣ በመተማ ነበር። ያኔ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከአገሬ ልጆች ጋር ሆነን ልብስና መድኃኒት ለማሰባሰብ የሁለት ገጽ ዕቅድ ጽፈን ለአንድ ኮሚቴ አስገባን። ከወር በኋላ የመጣው መልስ ሁለት ቃል ነበር፦ «ታይቶ አልጸደቀም»። ማን አየው? በምን መስፈርት? ምን ቢስተካከል ያልፍ ነበር? የሚመልስልን አላገኘንም። ገንዘቡ ቀድሞ ለሌላ በጎ ሥራ ተመድቦ እንደነበር የሰማነው ከወራት በኋላ በአጋጣሚ ነው። በቂ ምክንያት ነበር፤ በጊዜው ቢነገረን ሌላ በር እናንኳኳ ነበር። አብራን የጻፈችው እህት ግን ከዚያ ወዲያ ለማንም ሐሳብ አቅርባ አታውቅም።

እኔ ያደግሁበት ቆላ ወጉ ሌላ ነው። መተማ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚገናኝባት ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዳርፉርና ከዚያ ማዶ የመጡ ተክሩር ሙስሊሞች ሰፍረውባት ነበር፤ ዛሬም በሰሊጥ ወቅት የቀን ሠራተኛው ከደጋው ይጎርፋል። እንዲህ ባለ አገር ሰው የሚተማመነው በዝምድና ብቻ አይደለም። በሰፈራችን እድር ጥያቄ ሲቀርብ ጸሐፊው በሁሉ ፊት ያነበዋል፤ የሚደግፍም የሚቃወምም ይናገራል፤ ውሳኔው ከነምክንያቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የተከለከለው ሰው ምክንያቱን አውቆ ስለሚሄድ በሚቀጥለው ወርም መዋጮውን ይዞ ይመጣል።

ይህ ለዲናችን እንግዳ አይደለም። 42ኛው የቁርአን ምዕራፍ ስሙ «አሽ-ሹራ» ነው። ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራህ 282) ደግሞ ብድርን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። በሲራ እንደሚተረከው በበድር ሑባብ ኢብኑል ሙንዚር (ረ.ዐ) የተሰፈረበት ቦታ በወሕይ የታዘዘ ነው ወይስ የጦር ስልት ብለው ጠየቁ። ስልት መሆኑ ሲነገራቸው ወደ ውኃው ቀርቦ መስፈር የሚሻልበትን ምክንያት አስረዱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ተቀበሏቸው። የውሳኔው መሠረት ስለተነገራቸው የተሻለ ሐሳብ ማቅረብ ቻሉ። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም «ድምፃችን ይሰማ» ሲባል ከጥያቄዎቹ አንዱ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጊድ ይሁን የሚል ነበር። ከመጅሊስ የጠየቅነውን ግልጽነት በራሳችን ጀመዓም ልናሳየው ይገባል።

የእኛ ጀመዓ አንድ ቢሮ የለውም፤ እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ሹራ፣ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ ሥራ አለው። ስለዚህ የሚከተሉት በሁሉም ግቢ ቢለመዱ እላለሁ፦

• የገባ ዕቅድ ሁሉ ቁጥርና የመልስ ቀን ይሰጠው።
• መስፈርቱና የገምጋሚዎቹ ስም አስቀድሞ ይታወቅ።
• የራሱን ዕቅድ ያቀረበ ሰው በግምገማው አይቀመጥ።
• ውሳኔው ከሁለት መስመር ምክንያት ጋር ይለጠፍ፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ቀንም ይኑር።

ሁሉም ነገር ይገለጥ ማለቴ አይደለም። የተቸገረ ተማሪ ያቀረበው የእርዳታ ጥያቄ ሰትር ይፈልጋል፤ የእሱ ስም አይለጠፍም። ስንት ጥያቄ ቀርቦ ስንቱ እንደተመለሰና በምን መስፈርት እንደታየ ግን ማንንም ሳያጋልጥ ሊነገር ይችላል። ገምጋሚዎቻችን ከትምህርታቸው ሰዓት ቀንሰው የሚሠሩ መሆናቸውንም አልዘነጋሁም። ሁለት መስመር መጻፍ ግን ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ እነሱንም ከሐሜት ይጠብቃል።

የረመዳን ዕቅዶች መገምገም ሳይጀመር በየግቢያችሁ ሹራ ይህን አንሱ። አላህ ሥራችንን ይቀበለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።