እግር መፍታት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን አዲስ ከፍ ያስደረገውን ፒክአፕ ሊያሳየኝ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይውጡና ይዩልኝ» አለኝ። ወጣሁ። ከፊቱ ሞላ በላይ ብረት ተደርቦለት ከፍ ብሏል፤ ጎማው ወፍራም ነው፤ ግንባሩ ላይ የተደረደረው መብራት ሠርግ ቤት ያደምቃል። «ስንት ፈጀብህ?» ብዬ ጠየቅሁት። የነገረኝን ቁጥር ሰምቼ «ይባረክ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ሊሄድ ሲል ግን ነገር መጣ። ከበራችን ፊት ለፊት ለቧንቧ ተቆፍሮ በቅጡ ያልተደፈነ ቦይ አለ። ልጁ ሰያፍ ገባበት። መኪናው አዘነበለና ቆመ። በቀኝ በኩል ያለው የኋላ ጎማ አፈር ይፈጫል፤ ከእሱ በሰያፍ ያለው የግራ የፊት ጎማ ደግሞ መሬት ላይ ያረፈ መስሎ በባዶው ይሽከረከራል። ከኪሴ የመብራት ደረሰኝ አወጣሁና ጎማው ሲቆም ከሥሩ ሰደድኩት። ምንም ሳይነካው ወዲያ ማዶ ወጣ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ እየሳቀ።

በወረቀት መለካትን የተማርኩት በ1996 ዓ.ም. ሶማሌ ተራ አጠገብ ከነበረች አንዲት ጋራዥ ነው። ያኔ ወደ ዳናክል ቱሪስት የምወስድ ሹፌር ነበርኩ። መኪናዬ 75 ላንድክሩዘር ነበረች፤ ፊቷም ኋላዋም ባሌስትራ። ቶዮታ የእነዚህን ከባድ ላንድክሩዘሮች የፊት ባሌስትራ በሞላ የተካው በፈረንጆቹ 1999 ሲሆን፣ የእኔዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። እንደ በሬ ብርቱ፣ እንደ በሬም ደረቅ። ወደ ኤርታሌ ስንቃረብ ያለው የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ አንድ ጎማ ሲወጣ ሌላው ይንጠለጠላል፤ የተንጠለጠለው ይሽከረከራል፤ እኛ ወርደን ድንጋይ እንደረድራለን።

ለጋራዡ ሽማግሌ «ጋሼ፣ ከፍ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ከፍ ብትል ምን ይጠቅምሃል? ከፍ ብላም ትንጠለጠላለች» አሉኝ። «የአንተ መኪና ችግር ቁመት አይደለም። እግሯን አልፈታችም።»

ነገሩን በሁለት እጃቸው አሳዩኝ። የፊት አክሱሏ አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ሚዛን ነው። ቀኙ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ግራው ወደ ጉድጓዱ መውረድ አለበት። እንዳይወርድ የሚይዘው ምንድን ነው? አንዱ የባሌስትራው ንብርብር ነው፤ ብረቱ ዝጎ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሁለተኛው ሾክ አብዞርበሩ ነው፤ ተዘርግቶ ሲያልቅ ጎማውን ገመድ እንደያዘው ውሻ ያስቆመዋል። ሦስተኛው ግራና ቀኙን የሚያስተሳስረው ዘንግ ነው፤ ሥራው መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል ማድረግ ስለሆነ፣ ድንጋይ ላይ አንዱ እግር ያለ ሌላው እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል።

ሦስት ቀን ሠሩ። ባሌስትራውን ፈተው እያንዳንዱን ብረት በሽቦ ብሩሽ ፈተጉ፤ ግራሶ ቀቡ፤ አንዱን ብረት ቀነሱ። ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ተወዛዋዥ ብረት አራት ሳንቲም በሚረዝም ቀየሩት። «አራት ሳንቲም ስለረዘመ አራት ሳንቲም የምትነሳ እንዳይመስልህ፤ ሁለት ነው» አሉኝ። ረዘም ያለ ሾክ አብዞርበር ከሌላ መኪና ተፈልጎ ገባ። ከዚያ አንዱን ጎማ በክሪክ እያነሱ፣ ሌላው ሲወርድ የፍሬኑን የላስቲክ ቧንቧ በጣታቸው ዳሰሱት። ተወጥሯል። «ይኼ ቢበጠስ እግር መፍታት ሳይሆን ነፍስ መፍታት ይሆናል» ብለው በረጅም ቀየሩት። ማያያዣው ሲረዝም አክሱሉ ወደ ፊት ዘንበል ስላለ መሪው ፈዘዘ፤ ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም። ለዚያ ደግሞ ባሌስትራውና አክሱሉ መሃል ቀጭን የብረት ሽብልቅ አስገቡ።

በመጨረሻ የቀኙን የፊት ጎማ ተደራርቦ የቆመ ድንጋይ ላይ አስወጡኝና በግራው ሥር የጋዜጣ ቁራጭ አስገቡ። «ሳብ» አሉኝ። ሳብኩ፤ ተቀደደ እንጂ አልወጣም።

«በል ሂድ። መሬት ይዛለች።»

ሃመድ ኢላ አድረን በማግስቱ ወደ ኤርታሌ አቀናን። ዶዶም፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ሳንደርስ ያለችው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ትፈጅብን ነበር። በዚያ ቀን ግን ግራና ቀኙን የሚያስተሳስረውን ዘንግ ቡሎኖች ፈታሁና ከባድ ማርሽ አስገባሁ። መኪናዋ እንደ ግመል አንድ አንድ እግሯን እያነሳች፣ እያሳረፈች ሄደች። ፈረንጆቹ ወርደው ፎቶ አነሷት። አንዱ «ማን ሠራት?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ» አልኩት። ውሸት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን እዚያ ሽማግሌው የሉ፣ ማን ይሰማል ብዬ ነው።

ስመለስ ግን ቅጣቴን አገኘሁ። የፈታሁትን ዘንግ መልሼ ማሰር ረስቼ ከበርሃሌ ወደ አጉላዕ ስወጣ፣ አንድ ኩርባ ላይ መኪናዋ እንደ ሰካራም ወደ ገደሉ አጋደለች። ፈረንጆቹ ጮኹ። ወርጄ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ቡሎኖቹን አሰርኩ። ያንን ለማንም «እኔ ነኝ» ብዬ አልተናገርኩም።

ሽማግሌው ከየጉዞው ስመለስ «እስቲ መንገዱን ንገረኝ» ይሉኝ ነበር። አይተውት አያውቁም። እነግራቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «በሚቀጥለው ይዤዎት እሄዳለሁ» እላለሁ። በሚቀጥለው ግን ወንበሩ ይሞላል፤ ከሚቀጥለው በሚቀጥለው ደግሞ የማብሰያው ሰው ይጨመራል። ሰባት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ዛሬ እስከ ሃመድ ኢላ አስፋልት ነው። ግማሽ ቀን ያደክመን የነበረውን መንገድ ሚኒባስ ይሄደዋል። ሙሉ ጭነት አሞሌ የያዘ የጭነት መኪና ግመሎቹን አልፎ ይበራል። መንገድ መሠራቱ አይከፋም፤ የሚከፋ ሰው ካለ እዚያ ወገቡ ያልተቆረጠ ነው። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያኔ ጭንቀታችን ጎማው ከመሬት እንዳይለቅ ነበር። አሁን መንገዱ ሲስተካከል መኪናው ከመሬት ይርቃል።

ለእህቴ ልጅ ይኼን አልነገርኩትም። ከቦዩ ገፍተን ካወጣነው በኋላ ግን ከሞላው በላይ የተደረበውን ብረት እያሳየሁ፣ «ይኼ ቁመት ጨምሮልሃል፤ የእግርህ መዘርጋትና መታጠፍ ግን ያው የድሮው ነው» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከአዲስ አበባ አልወጣም» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ ቢያንስ አልዋሸም።

በሳምንቱ ሽማግሌውን ልጠይቅ ሄድኩ። ጋራዡን ከተዉ ቆይተዋል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። የቀረብኝን ዕዳ ልክፈል ብዬ፣ «ጋሼ፣ ይዤዎት ልሂድ። አሁን አይቸገሩም፤ እስከ ታች አስፋልት ነው» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ከበራቸው ፊት ለፊት ወዳለው መንገድ በአገጫቸው እያሳዩኝ፣

«አስፋልትማ እዚህም አለ» አሉኝ።