መርከቢቱ ሳትነሣ፤ ሁለት ቀን በሊዝቦን ከተማ

ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ዓይኑ ከእግሩ ይቀድማል። ዓይን ሁሉን በአንድ ቀን ልየው ይላል፤ እግር ግን ልኩን ያውቃል። እኛም ይህን ነገር የተማርነው በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝቦን ከባለቤታችን ጋራ ባሳለፍነው ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ ወደ ባሕር ወደብ ሄደው በመርከብ ለመሳፈር ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን፥ ያየነውንና የደረሰብንን እንጽፋለን። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ሰዓቱን ግን በአገራችን ልማድ አድርገናል።

የጕዞው ምክንያት እንዲህ ነበረ። ልጃችን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ትምህርቷን ፈጽማ ሥራ ከያዘች በኋላ ከደመወዟ ባጠራቀመችው ገንዘብ በአንዲት የመንገደኞች መርከብ ላይ ለሦስታችን የስምንት ቀን ቦታ ያዘችልን። እኛ ሁለት ቀን አስቀድመን ሊዝቦን ልንደርስ፥ እርሷ ግን ከሥራዋ ፈቃድ ያገኘችው ከመነሻው ቀን ጀምሮ ስለ ነበረ በዚያው ቀን በአውሮፕላን መጥታ በመርከቢቱ በር ልንገናኝ ተቀጣጠርን። መርከቢቱ የምትነሣው በ11 ሰዓት ነው፤ መሳፈሪያው ግን በ10 ሰዓት ይዘጋል። መርከብም እንደ ጐረቤት ሰው ጥቂት ቆይልኝ ቢሏት የምትቆም አይደለችም። ስለዚህ ሰዓቱ ቢያመልጠን የምናጣው የመርከብ ጕዞ ብቻ ሳይሆን የስድስት ዓመት ናፍቆት የሚፈጸምበትን ቀን ነበረ።

ሊዝቦን የተሠራችው ታጉስ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሊገባ በተቃረበበት ስፍራ ነው። ወንዙ በዚያ እጅግ ሰፍቶ ራሱ ባሕር ይመስላል። ከተማዪቱ በሰባት ኰረብታ ላይ ተቀመጠች ስለሚባል፥ የአዲስ አበባን ዳገትና ቁልቁለት ለለመደ ሰው እንግዳ አትሆንበትም። የአሮጌው ሰፈር መንገዶች ለሰውና ለበቅሎ የተሠሩ ጠባቦች ናቸው፤ በዚያ አውቶሞቢል ለባለቤቱ ሸክም ነው እንጂ ረዳት አይደለም። እኛም አውቶሞቢል ላለመከራየት ቈረጥን።

አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው የራቀ አይደለም። ከ2012 ዓመት ጀምሮም ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር እስከዚያ ድረስ ይደርሳል። ዳሩ ግን ገና በመጀመሪያው በር አንድ ስሕተት ሠራን። ለሁለታችን አንድ የመግቢያ ካርድ ይበቃል ብለን ገዝተን፥ እኛ አልፈን ስንገባ በሩ ተዘግቶ ባለቤታችን በውጭ ቀረች። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ የሚያዝ መሆኑን ያወቅነው በዚያን ጊዜ ነው። እርሷም በመስተዋቱ በር ማዶ ቆማ፥ «ገና ሳንጀምር ጥለውኝ ሄዱ» ብላ ሳቀች።

ያረፍንበት ሆቴል ሳንታ አፖሎኒያ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበረ። ይህንም የመረጠችው ባለቤታችን ናት፤ ምክንያቱም በ2017 ዓመት የተከፈተው አዲሱ የመርከብ መሳፈሪያ ከዚያ በእግር የሚደረስ ስለ ሆነ ነው። የከተማው የእግር መንገድ በጥቃቅን ነጭና ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ሲሆን ለዓይን ያማረ ነው፤ ሣጥን በመንኰራኵር ለሚጐትት ሰው ግን ብርቱ ፈተና ነው። ሆቴልን ከመሳፈሪያው አጠገብ መያዝ ታላቅ ጥበብ መሆኑን ሣጥናችን ራሱ መሰከረልን።

በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ዘጠኝ ስፍራ የተጻፈበትን ወረቀት ከኪሳችን አወጣን። ባለቤታችን አንብባ፥ «ይህ የጕብኝት ወረቀት ነው ወይስ የክስ ማመልከቻ?» አለችን። እኛም እንደ ቀልድ ቈጥረን መንገድ ጀመርን።

በመጀመሪያ የሄድነው በወንዙ ዳር ወዳለው ወደ ታላቁ አደባባይ ነው። በዚያ ስፍራ ቀድሞ የንጉሥ ግቢ ነበረ። በ1755 ዓመት ኅዳር 1 ቀን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበረና፥ ሕዝቡ በማለዳ በየቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሳለ ምድር ተናወጠች፤ የበራው ሻማ ቤቱን አቃጠለ። ከእሳቱና ከፍርስራሹ ሸሽቶ ወደ ወንዙ ዳር የወረደውንም ሰው ከባሕር የተነሣ ማዕበል ደረሰበት። በአንድ ቀን በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ነፍስ ጠፋ፤ ግቢውም ፈረሰ። ከዚህ በኋላ በማርኪዝ ደ ፖምባል ማዕርግ የታወቀው ሚኒስትር መንገዱ ቀጥ ያለ፥ ቤቱ በግንብ ውስጥ በእንጨት ማገር የተያያዘ ሌላ ከተማ በዚያው ላይ አሠራ። ማገሩ የተደረገው ምድር በተናወጠች ጊዜ ግንቡ አብሮ እየተወዛወዘ እንዳይናድ ነው። ዛሬ መንገደኛው በዚያ በቀጥታው ጐዳና ሲሄድ የመከራን ልጅ እየረገጠ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል።

ከዚያ ወደ ካርሞ ገዳም ወጣን። ገዳሙ በ1389 ዓመት የተጀመረ ሲሆን፥ በዚያ መናወጥ ጣራው ወድቆ አልታደሰም። ቅስቶቹ እስከ ዛሬ ከሰማይ በታች ራቁታቸውን ቆመዋል። ያነጸም ያፈረሰም በአንድነት የሚታይበት ስፍራ ነው።

ወደ አሮጌው ሰፈር ለመሄድ 28 ቍጥር የተጻፈበትን ቢጫ ትራምዋይ ልንጠብቅ ቆምን። በሊዝቦን የኤሌክትሪክ ትራምዋይ መሄድ የጀመረው በ1901 ዓመት ነው። በዚህ መስመር የሚሠሩት ትናንሽ ሠረገሎችም አሠራራቸው ከ1930ዎቹ ዓመታት ነው። ሌሎቹን ዳገቶች በገመድ የሚወጡ ሠረገሎችም ነበሩ፤ ነገር ግን በ2025 ዓመት መስከረም 3 ቀን በግሎሪያ ዳገት ላይ የአንዱ ገመድ ተለያይቶ 16 ሰዎች ሞተዋልና፥ ይህን ያነበበች ባለቤታችን በገመድ አልሳፈርም ብላ አስቀድማ ተናግራ ነበር። ለትራምዋዩ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበረ። ባለቤታችን፥ «እንጠብቅ፤ መቆም ከመውጣት ይሻላል» አለች። እኛ ግን የቀረውን ዝርዝር አስበን፥ «በእግር እንቀድመዋለን» ብለን ወሰድናት።

በ1147 ዓመት የተጀመረውን ካቴድራል አየን። ከዚያም አልፈን በቅድስት ሉሲያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው የመመልከቻ ሰገነት ደረስን። በቤተ ክርስቲያኑ የውጭ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም በተሣለ የሸክላ ንጣፍ፥ የንጉሡ ግቢ ሳይፈርስ አደባባዩ እንደ ምን እንደ ነበረ ይታያል። ማለዳ ባዶውን ያየነውን ስፍራ ከነሙሉ ክብሩ በዚያ አገኘነው። ከታች ደግሞ የአልፋማ ሰፈር ቀይ ጣራ፥ ከጣራው ማዶ ወንዙ፥ በወንዙም ላይ እንደ ነጭ ግንብ የቆሙ መርከቦች ነበሩ። በዚያ መቀመጥ ይገባን ነበር። እኛ ግን ወረቀቱ ገና ወደ ሌላ ስፍራ ይጠራናልና፥ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ምሽግ ወጥተን በሌላ ወገን በአልፋማ ደረጃ መውረድ ጀመርን።

የአልፋማ ደረጃ ማለቂያ ያለው አይመስልም። በስንቱ ዙር እንደ ሆነ እንጃ፥ ባለቤታችን ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ ጕልበቷም አልታዘዝ አላት። ያን ጊዜ በደረጃው ዳር ከሚገኝ ቤት አንዲት ባልቴት ብቅ አሉና፥ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወንበር አምጥተው አስቀመጧት፤ በመስተዋት ብርጭቆም ውሃ ሰጧት። ቋንቋቸውን አናውቅም፤ እርሳቸውም የእኛን አያውቁም። ዳሩ ግን የራሳቸውን ጕልበት መታ መታ አድርገው፥ ደረጃውን በጣታቸው እያመለከቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ትርጓሜ ሳያስፈልገው ተረዳነው። ካየነው ካቴድራልና ምሽግ ይልቅ ያ ወንበር እስከ ዛሬ በልባችን አለ።

ሌሊቱን በሆቴላችን በቀዝቃዛ ጨርቅ ጕልበቷን ስንይዝ አደርን። አብጦ ነበረና፥ ነገ ወደ መርከቢቱ መሄድ ባትችል ለልጃችን ምን ብለን እንመልሳለን ብለን ተጨነቅን። እርሷ ግን እንዲህ አለችን፦ «ጕልበቴስ ከመጣንበት ቀን ጀምሮ ያመኝ ነበር። ደስታዎን እንዳላፈርስ ብዬ ዝም አልሁ። እንግዲህ ሁለታችንም አጥፍተናል፤ እርስዎ ባለመጠየቅዎ፥ እኔም ባለመናገሬ።» ከዚህ የቀና ፍርድ ብዙ ጊዜ አልሰማንም። የቀረውን ወረቀት ቀደን ጣልነው፤ የማግሥቱንም ጕዞ ለእርሷ ፈቃድ ተውነው።

በማግሥቱ ጕልበቷ ጥቂት ተሻላት። ሥርዓቷም ሦስት ነበረ። አንድ ስፍራ ብቻ እንይ፤ በደረስንበትም እንቀመጥ፤ በ7 ሰዓት ደግሞ ምንም ቢቀር እንመለስ። የመረጠችው በወንዙ ዳር ወደ ምዕራብ ያለውን ቤሌም የሚባለውን ሰፈር ነው። ወደዚያ የሚሄደው 15 ቍጥር ትራምዋይ ሜዳ ለሜዳ ስለሚሄድና ከአዲሶቹ ሠረገሎች ወለሉ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፥ ለታመመ ጕልበት ይመቻል።

በቤሌም ንጉሥ ማኑኤል ያሠሩት የዤሮኒሞስ ገዳም አለ። ድንጋዩ እንደ ጥልፍ የተሠራ ነው፤ ወደ ሕንድ የባሕር መንገድ የከፈተው የቫስኮ ደ ጋማ መቃብርም በውስጡ ነው። የሚገባው ሰልፍ ግን ረዥም ነበረ። ስለዚህ በፊቱ ባለው አትክልት ተቀምጠን የውጭውን ሥራ ረጋ ብለን አየን። ከ1837 ዓመት ጀምሮ በዚያ ሰፈር የሚሸጠውን፥ ከእንቁላል አስኳልና ከወተት የሚሠራውን ትንሽ ጣፋጭም ቀረፋ ነስንሰን ቀመስን።

ቀጥሎ በ1960 ዓመት በድንጋይ የተሠራውን የባሕረኞች ሐውልት ለማየት ወደ ወንዙ ቀረብን። ሐውልቱ 56 ሜትር ከፍታ ያለው፥ መርከብ የሚመስል ነው። በፊቱ ልዑል ሄንሪክ ቆሞ ከኋላው በግራና በቀኝ 32 ሰዎች ተሰልፈዋል። በያዝነው መጽሐፍ ስማቸውን ስንከታተል ሁለት የምናውቃቸው አገኘን። በምዕራቡ ወገን ፔሮ ዳ ኮቪልያ አለ። ንጉሡ በ1487 ዓመት ልኮት በብዙ መከራ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ነገሥታቱም አክብረው ርስት ሰጡት እንጂ እንዲመለስ አልፈቀዱለትም። በ1520 ዓመት የፖርቱጋል መልእክተኞች በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን ሲመጡ በዚያው ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶ አገኙት። በምሥራቁ ወገን ደግሞ የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቫዎ ደ ጋማ አለ። በ1541 ዓመት 400 ሰዎች ይዞ በምጽዋ ገብቶ ከግራኝ አሕመድ ጋራ ተዋጋ፤ በማግሥቱ ዓመት ተማርኮ ተገደለ። ከእኛም ወገን ጸጋ ዘአብ የተባሉት መልእክተኛ በ1527 ዓመት ሊዝቦን ደርሰው ብዙ ዓመት ቈይተዋል። ስለ ሃይማኖታችን የጻፉትም በ1540 ዓመት በላቲን ቋንቋ ታትሟል። በእነዚያ መርከቦች የተጫነው ቅመም ብቻ እንዳልሆነ፥ በባርነት የተያዘ የአፍሪቃ ሰውም እንደ ነበረ ደግሞ የሚረሳ አይደለም።

ባለቤታችን ሐውልቱን ብዙ ጊዜ ተመልክታ፥ «ስለ ሄዱት ድንጋይ ቆመላቸው፤ በዚህ ዳር ቆመው ለጠበቁት እናቶች ግን ማን አቆመላቸው?» አለች። ሰዓቷንም አይታ፥ «እኔም የምጠብቃት ልጅ አለችኝ፤ 7 ሰዓት ሆኗል፤ እንሂድ» ብላ ተነሣች። እኛ የገዳሙ ሰልፍ ማጠሩን አይተን ለመቃብሩ ግማሽ ሰዓት ብንለምናት አልተቀበለችም።

መልካምም አደረገች። ትራምዋዩ ጥቂት ሄዶ ቆመ፤ በፊት መንገዱ ተዘግቶ ነበረና ሌሎቹም ከኋላችን ተደረደሩ። አርባ ደቂቃ ያህል ከጠበቅን በኋላ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ወደ ወንዙ ወገን እያመለከቱ ባቡር መኖሩን ነገሩን። ባለቤታችን በክንዳችን ተደግፋ ወደ ቤሌም ጣቢያ ተመለስን፤ ሌላ ቲኬት ገዝተን በባቡር ካይስ ዶ ሶድሬ ደረስን። ከዚያ በወንዙ ዳር በሚሄደው አውቶቡስ ወደ ሆቴላችን ሄደን ሣጥናችንን ይዘን ከመሳፈሪያው ስንደርስ 9 ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። ለመቃብሩ ግማሽ ሰዓት ጨምረን ቢሆን ኖሮ በሩ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት በቀረው ነበር።

ልጃችን በበሩ ቆማ መንገድ መንገዱን ታይ ነበር። በእናቷ አንገት ተጠምጥማ አለቀሰች። ቀጥሎም፥ «እማዬ፥ ለምን ታነክሻለሽ?» አለች። ባለቤታችን ወደ እኛ ተመልክታ፥ «ከተማው ዳገት ነው» ብላ ብቻ መለሰች። እኛም በልባችን ይህን ምሕረት መዘገብነው።

በ11 ሰዓት መርከቢቱ ተነሥታ፥ በ1966 ዓመት ከተከፈተው ረዥም የብረት ድልድይ በታች አልፋ ወደ ባሕሩ አመራች። የቤሌም ሐውልት በቀኝ መጣ። አስቀድሞ የክሪስቶቫዎ ሰልፍ፥ ከዚያ ስናልፍ የኮቪልያ ሰልፍ ታየን። ሦስታችን በአንድነት ቆመን አየናቸው። የቫስኮን መቃብር አላየንም፤ ከዘጠኙም ስፍራ አራቱ ቀርተውብናል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የቀረብን ነገር መኖሩን ያሰበ ከእኛ መካከል አልነበረም።

እንግዲህ በወደብ ከተማ ጥቂት ጊዜ የሚያሳልፍ ቤተ ሰብ አውቶሞቢል አጣሁ ብሎ አይዘን፤ እግርና ባቡር ይበቁታል። ግን ከመነሣቱ በፊት ከሁሉ ደካማ የሆነውን እግር ይጠይቅ፤ በዚያም ልክ መንገዱን ይቈርጥ።