ጥያቄውን አትዝለሉላቸው

አንዲት የሕግ ምሩቅ አውቃለሁ። ልደታ ፍርድ ቤት ከማይጠፉት ወጣት ባለሙያዎች አንዷ ናት። ከባቡሩ ወርዳ፣ ነጭ ዘንጓን ይዛ፣ ያለ መሪ ችሎት ትገባለች። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ሠራተኛ ሲያወዳድር የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ነበረው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ፎቶ ይሰጠውና ያየውን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። የእሷ ተራ ሲደርስ ፎቶውን ወደ ጎን አድርገው "ይሄኛውን ላንቺ ዘለነዋል፣ አታስቢ" አሏት። ለዚያ ጥያቄ የሚሆነውን ነጥብም የሌሎቹን መልሶቿን አማካይ ወስደው ሞሉላት።

ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ያገዟት መስሏቸው ነው። ስትነግረኝ ያንገበገባት ነጥቡ አልነበረም፤ ነጥቡ ደህና ነበር። "ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚያ የሄድኩት ልናገር ነው" ነው ያለችኝ።

እዚሁ ልደታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ለስፒኪንግ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ወደ እኔ ይመጣሉ። እሷም ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ስላሰበች አይኤልትስ ለተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና አብረን ስንለማመድ ቆይተናል። ከእሷ የተማርኩትን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው ወደድኩ፤ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

መጀመሪያ ፈተናው ምን እንደሚለካ እንነጋገር። የአይኤልትስ የንግግር ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል፤ ፈታኝና ተፈታኝ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ነጥብ የሚሰጠው በአራት ነገር ነው፦ ንግግሩ ሳይደነቃቀፍና ሐሳቡ ሳይበጠስ በመፍሰሱ፣ በቃላት ሀብቱ፣ በሰዋስው ስፋቱና ትክክለኛነቱ፣ በድምፅ አወጣጡ። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ፈታኙን ዓይን ለዓይን ማየት ነጥብ የለውም፤ እጅን እያንቀሳቀሱ ማስረዳትም ነጥብ የለውም። የሚለካው ከአንደበት የሚወጣው ብቻ ነው።

ታዲያ ዓይን በየት በኩል ይገባል? በጥያቄው አቀራረብ በኩል። በሁለተኛው ክፍል ርዕስና ጥቂት ነጥቦች የተጻፉበት ካርድ ይሰጣል። ተፈታኙ በ1 ደቂቃ ውስጥ አንብቦ፣ አስቦ፣ በእርሳስ ማስታወሻ ይዞ፣ እስከ 2 ደቂቃ ይናገራል። ለሚያይ ሰው ካርዱን ማንበብ ጥቂት ሰከንድ ነው። እየተናገረም ዓይኑን ጣል አድርጎ የቀረችውን ነጥብ ያያል። ዓይነ ስውር ተፈታኝ ግን ካርዱ በብሬል ቢቀርብለት እንኳ በጣት ማንበብ በዓይን ከማንበብ ይዘገያል። ማስታወሻ ልያዝ ቢል ደግሞ ወረቀቱን ስሌት በሚባለው የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ ውስጥ ማስገባት አለ፤ ስታይለስ በሚባለው መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ መውጋት አለ፤ ከዚያ አውጥቶ ገልብጦ በጣት መፈለግ አለ። ደቂቃዋ በዚህ ታልቃለች። ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ እንግሊዝኛው ስለደከመ የተደረገ ውለታ አይደለም።

ካርዱ በድምፅ ቢነበብለት ይሻላል የሚል አለ። ይሻላል፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ነጥቦቹን ሁሉ በልቡ ይዞ፣ በሰው ቋንቋ እየተናገረ፣ የቱን እንዳለና የቱ እንደቀረው መቁጠር አለበት። ከዚህች ልጅ ጋር ስንለማመድ ይህን በጆሮዬ ሰማሁት። የመጀመሪያውን ነጥብ ገና ሳታብራራው ሁለተኛው እንዳይጠፋባት ትሮጣለች፤ ንግግሯ ዝርዝር ይመስላል። አንድ ቀን "መሃል ላይ ብትረሺ አቋርጠሽ ጠይቂኝ፣ ደግሜ አነብልሻለሁ" አልኳት። ያን ቀን ሌላ ሰው ሆነች። ምሳሌ ታመጣለች፣ ወደ ኋላ ተመልሳ ሐሳቧን ታርማለች፣ ትስቃለች። እንግሊዝኛዋ በአንድ ቀን አልተሻሻለም፤ ነበራት። እንዲህ ያለ ፈቃድ በእውነተኛው ፈተና ላይ አስቀድሞ ተጠይቆ፣ ተፈቅዶ፣ ለፈታኙም ለተፈታኙም ተነግሮ መገኘት አለበት።

ከካርዱ የሚከብዱት ሥዕል ያለባቸው ፈተናዎች ናቸው። የካምብሪጁ ቢ2 ፈርስት ሁለት ፎቶ ሰጥቶ ያነጻጽራል። ፒቲኢ አካዴሚክ ግራፍ ወይም ሥዕል ኮምፒውተር ላይ አውጥቶ፣ 25 ሰከንድ ካሳሰበ በኋላ በ40 ሰከንድ አስረዳ ይላል። የዱዎሊንጎ ፈተናም ስለ ፎቶ መናገርን ይጠይቃል። ካምብሪጅ ለዓይነ ስውር ተፈታኞች ፎቶውን በጽሑፍ መግለጫ ይተካል። መልካም መንገድ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር እዚህ ውስጥ ተደብቋል።

ሜክሲኮ አደባባይ ማታ 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ፎቶ አስቡ። የታክሲ ሰልፍ፣ ዝናብ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ዣንጥላ ይዛለች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። አንድ ተማሪ ደብተሩን አናቱ ላይ አድርጎ ይሮጣል። ይህን ለሚያይ ተፈታኝ አንድም ቃል አልሰጠነውም። ሰልፉን፣ ማዘሉን፣ መንጠልጠሉን፣ መጠለሉን በእንግሊዝኛ የሚያወጣው ከራሱ ነው። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ጽፈን ለዓይነ ስውሯ ብናነብላት ግን ቃሉን ሁሉ አጉርሰናታል። ከደገመችው ያነበብንላትን መልሳ አለች ይባላል። ሌላ ልጨምር ብትል ደግሞ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር እንዳትናገር ትፈራለች። በአንድ በኩል ቀለለላት፣ በሌላ በኩል ጠበበባት፤ ጎኗ ከተቀመጠው ተፈታኝ ጋር ግን አንድ ፈተና አልተፈተኑም።

መውጫው ፎቶው መጀመሪያውኑ ለምን እንደቀረበ መጠየቅ ነው። የካምብሪጁ ፈታኝ መስማት የሚፈልገው የዣንጥላውን ቀለም አይደለም። ማነጻጸር ይችላል ወይ? መገመት ይችላል ወይ? ምክንያት ይሰጣል ወይ? ፎቶው ወሬ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ መግለጫው ሳሳ ይበል። "አንደኛው ላይ ሰዎች ዝናብ ውስጥ ታክሲ ይጠብቃሉ፤ ሁለተኛው ላይ ሰዎች ባቡር ውስጥ ናቸው" ይበቃል። ከዚያ ሰዎቹ ምን እየተሰማቸው ይሆናል፣ የትኛው ጉዞ ይከብዳል፣ አንቺ የትኛውን ትመርጫለሽ፣ ለምን ይባላል። ልብሱን፣ ቀለሙን፣ የእጅና የእግሩን አቀማመጥ የሚዘረዝር ረዥም መግለጫ ለተፈታኟ የተጻፈ ይመስላል እንጂ አይጠቅማትም።

እኔ ክፍል ውስጥ ከዚህ አለፍ ብዬ ድምፅ ሞክሬያለሁ። የልደታ ባቡር ፌርማታን፣ የልደታ ማርያም ቅዳሴ ሲያልቅ የግቢውን በር፣ ሜክሲኮ ላይ ረዳቶች ሲጣሩ በስልኬ ቀድቼ ለሁሉም ተማሪዎች አሰማሁ። የት ነው? ምን እየሆነ ነው? ቀጥሎ ምን ይሆናል ትላላችሁ? ፎቶ ሲሰጣቸው "አይ ካን ሲ ኤ ማን፣ አይ ካን ሲ ኤ ካር" ብለው የሚያበቁት ዓይናማ ልጆች ሳይቀሩ መገመትና መከራከር ጀመሩ። መስማት የሚቸገር ተማሪ ካለ ድምፁ በተራው እንቅፋት ይሆናል፤ ለእሱ ደግሞ የእሱን ማዘጋጀት ነው። ዓይነ ስውሯን ነጥሎ በማያስቀምጥ ጥያቄ ሁሉንም መፈተን ግን ይቻላል፤ ሲቻል ደግሞ ልዩ ወረቀት ከማዘጋጀት ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በጆሮ ሰምቶ መፈተን ለእኛ አገር እንግዳ ሐሳብ መሆን አልነበረበትም። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፣ መምህሩም ሰምተው ያርሙታል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን ደቀ መዛሙርት ብቻ ሳይሆኑ የተመሰከረላቸው መምህራን ሆነዋል፤ ማንም ጥያቄ አልዘለለላቸውም። ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙ ዓይነ ስውራን ሐፊዞችም እንዲሁ በጆሮ ተሰምተው ነው የተፈተኑት።

አሁን ወደ ፈተናው ክፍል እንግባ፤ እዚያ ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ያበላሻሉ። ተፈታኟን ያመጣቻት እህቷ ከሆነች ፈታኞች እህቷን "ምን ይሻላታል?" ብለው ይጠይቃሉ። እሷን ጠይቋት፤ የመጣችው እንግሊዝኛ ልትናገር ነው። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ የድምፅ መቅጃው መከፈቱን ንገሯት። ፈታኝ ራሱን እየነቀነቀ "ቀጥይ" የሚለውን እሷ አታየውም። ለእሷ ዝምታ ነው የሚሰማት፤ ተሳሳትኩ ብላ ታቋርጣለች። አፍ አውጥቶ "እሺ፣ ቀጥይ" ማለት ምንም አያስከፍልም። እንደ ካምብሪጅ ሁለት ሰው ተጣምሮ በሚፈተንበት ደግሞ ተራ የሚያዘው በዓይንና በእጅ ምልክት ነው። ተጣማሪው በስም እየጠራ እንዲጠይቃት ፈተናው ሳይጀመር ይነገረው። ፊቷን ወደ ድምፅ እንጂ ወደ ሰው ፊት ላታዞር ትችላለች፤ ይህ በራስ መተማመን ማጣት ተደርጎ እንዳይወሰድ።

"ዓይነ ስውር" ስንል ሁሉንም ብሬል አንባቢ አድርገን ማሰባችንም ሌላ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገራችን የተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ዓይነ ስውርነት 1.6 በመቶ፣ የዕይታ መቀነስ ደግሞ 3.7 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በከፊል የሚያዩት ከእጥፍ በላይ ናቸው ማለት ነው። እነዚህ ብሬል ላያውቁ ይችላሉ። የሚያስፈልጋቸው ትልልቅ ፊደል፣ በቂ መብራት፣ ከመስኮት ነጸብራቅ ዘወር ያለ ወንበር ነው። በጉልምስና ዕይታውን ያጣ ሰው ደግሞ ብሬሉ ገና ነው፤ ቢነበብለት ይመርጣል። ስለዚህ አስቀድሞ እሱን ራሱን ከመጠየቅ የሚተካ መመሪያ የለም።

የችግሩ ሥር ግን ከፈተናው በፊት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ጥያቄው ምርጫ ነው፤ ንግግር የለበትም። ክፍል ውስጥ መምህሩ "ሥዕሉን ተመልከቱና ተወያዩ" ሲል ዓይነ ስውሩ ተማሪ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ማንም አይጠይቀውም፤ አዝነውለት ነው። እንዲህ ከዓመት ዓመት ሲዘለል አድጎ፣ አንድ ቀን ፈታኝ ፊት ቀርቦ ሳያቋርጥ 2 ደቂቃ ተናገር ይባላል። ዕድል ሲሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ አይተናል። የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመቷ ዕይታዋን አጥታ፣ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አድርጋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተመረቀች። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስትቀበል ሥራዋን ለዓለም ያስረዳችው በራሷ አንደበት ነው።

ሕጉም አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላ አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል መድልዎ ነው ይላል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው ዐዋጅ ቁጥር 568/2000ም ለሥራ ውድድር ይሠራል። ጥያቄ ዘልሎ አማካይ መሙላት ማመቻቸት አይደለም። ተወዳዳሪዋ ያላሳየችውን ችሎታ በግምት መመዝገብ ነው፤ ከፍ ብሎ ቢመዘገብላትም እንኳ የእሷ አይደለም።

ለመፈተን ላሰባችሁ፦ አይኤልትስ በብሬልና በትልልቅ ፊደል የተዘጋጀ ፈተና አለው፤ ነገር ግን ለብሬል እስከ ሦስት ወር አስቀድሞ ማሳወቅ ሊያስፈልግ ስለሚችል ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ፈተና ማዕከሉ ደውሉ። የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከምኒልክ ሆስፒታልም ይሁን ከሌላ የዓይን ክፍል በእንግሊዝኛ አጽፉት። የምትፈልጉትን ዘርዝራችሁ ጻፉ፦ ብሬሉ ምሕጻረ ቃል ያለው ይሁን የሌለው፣ ተጨማሪ ጊዜ፣ ካርዱ ደግሞ እንዲነበብላችሁ፣ የራሳችሁን ስሌት ይዛችሁ መግባት። "ድጋፍ እፈልጋለሁ" ብቻ ካላችሁ ሌላው ይወስንላችኋል።

ፈተና ለምታወጡ፣ ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ለምትቀመጡ፣ ክፍል ውስጥ ለምታስተምሩ ሁሉ ደግሞ ልመናዬ አንድ ነው። በሚቀጥለው ፈተናችሁ ሥዕል ካለ፣ ዓይነ ስውር ተፈታኝ ይምጣም አይምጣም፣ ያንኑ ችሎታ የሚለካ ሥዕል የማይፈልግ ጥያቄ ዛሬውኑ ጽፋችሁ ጎኑ አስቀምጡ። እሷ በር ላይ ስትደርስ ጠይቋት፤ መልሷንም እንደማንኛውም ተፈታኝ አርሙ።