እንስራን ሳይገዙ ማንኳኳት

አንባቢ ሆይ! ገበያ ወጥተህ እንስራ ገዝተህ ታውቅ እንደ ሆነ፣ አስቀድመህ በጣትህ ሳታንኳኳው ገንዘብህን እንዳልከፈልህ አምናለሁ። ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን ይሻክራል። ዓይንህ ያላየውን ጆሮህ ይነግርሃል።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ ምድር ሲናወጥ፣ መናወጡ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ሌሊት አልጋዬ ቢወዛወዝ፣ የኮሌጅ ትምህርቴን ሁሉ ረስቼ በባዶ እግሬ ደረጃውን መውረዴን አልደብቅህም።

ከዚያ በኋላ ግን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ዐዋቂ መሰልሁ። «ሰው የቆፈረው እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የምድር ማዕበል ግን ከዚያ አልፎ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1909 በዛግሬብ አቅራቢያ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ አንድሪያ ሞሆሮቪቺች የተባለ ሊቅ የየጣቢያውን መዝገብ አመሳከረ። ሩቅ ባሉት ጣቢያዎች ቀድሞ የደረሰው በአጭሩ መንገድ የመጣው ማዕበል ሳይሆን ወደ ጥልቁ ወርዶ የተመለሰው ሆኖ አገኘው። ይኸውም በአስፋልት ዞሮ የሄደ መኪና በኮረኮንች አቋርጦ የመጣውን እንደሚቀድም ነው። ስለዚህ ከታች ማዕበል የሚፈጥንበት ሌላ ዓይነት ዐለት አለ ብሎ፣ የቅርፊቱን ውፍረት 54 ኪሎ ሜትር ገመተ» አልሁ። እንዲሁ በማዕበል ተመርምሮ፣ ቅርፊቱ ከደጋችን ሥር 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሰሜን አፋር ግን ከ20 ያነሰ መሆኑ እንደ ታወቀ ጨመርሁ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች። ቤታቸው ተሰንጥቆ ከአዋሽ ወደ አክስቷ ቤት የመጣች ናት።

«መምህር፣ ይህን ያህል ካወቃችሁ፣ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ለጊዜው መልስ አጣሁ።

«እንስራውን ያንኳኳ ሰው መሰንጠቁን ያውቃል፤ የሚሰበርበትን ቀን ግን አያውቅም። ቀኑን የሚናገር ሳይንስ እስከ ዛሬ የለም። እኔም ያን ሌሊት ፈርቼ ሮጫለሁ» አልኋት።

ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያስ በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ያስተምሩን» አለችኝ።

ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት ትምህርት አልቆ ነበር፤ የሚቀጥለውን ያዘዘችኝ እርሷ ናት። አንባቢ ሆይ፣ አሁን እርሱን በማጥናት ላይ ነኝ።